በትንሽ ፒካፕ ውስጥ ለጊዜው ስትኖሩ እንዳትሠሯቸው የምላችሁ ስህተቶች

አራት ወር ኖሬበታለሁ። ሲያትል፣ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ፣ በ2009 ቶዮታ ታኮማ ላይ። የኪራይ ውሉ አለቀ፣ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሌላ ስቴት ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ብቻዬን ልከራይ ስል ደግሞ ዋጋው አቅሜን በለጠው። ስለዚህ ኑሮ የሚያወሩት አብዛኞቹ ወደውት የገቡ ናቸው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቡናቸውን ይዘው ፎቶ የሚነሱ። እኔ የምጽፈው በሁለት ኪራይ መሀል ለተንጠለጠለ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሠርቻቸዋለሁ።

የሚወጡበትን ቀን ሳይቆርጡ መግባት

«ሁለት ሳምንት ብቻ» ብዬ ነው የገባሁት። ኪራይ ስለማልከፍል ብር የሚጠራቀም መስሎኝ ነበር። አልተጠራቀመም። ወጥ ቤት የሌለው ሰው ውጭ ይበላል፣ ማጠቢያ የሌለው ሰው ላውንደሪ ይከፍላል፣ ሙቀት ሲያጣ ካፌ ገብቶ ያልፈለገውን ሻይ ይገዛል፣ ቤንዚኑ ደግሞ አለ። የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ግማሹን እንዲሁ በላሁት። ዘዴው የገባኝ በሁለተኛው ወር ነው፦ ኪራይ እንደምትከፍሉ አድርጋችሁ በየወሩ 1ኛ ቀን ብሩን ካርድ ወደሌለው አካውንት ማዛወር። የመውጫ ቀኔንም ጃንዋሪ 31 ብዬ ቆረጥኩ። ቀን ሲኖር ብርዱም ይቻላል።

ካሶኔውን ሳይለኩ አልጋ መሥራት

የምተኛው ከኋላ፣ ክዳን በተገጠመለት ካሶኔ ውስጥ ነበር። የታኮማ ካሶኔ ሁለት ዓይነት ነው፣ ባለ 5 ጫማና ባለ 6 ጫማ። ባለ 5ቱ 1 ሜትር ከ54 ገደማ ነው፣ እግር አጥፎ ለሚተኛ ልጅ ይሆን ይሆናል። ባለ 6ቱ 1 ሜትር ከ87 ገደማ ስለሆነ እኔን ቻለኝ። በሁለቱ ጎማዎች መሀል ያለው ስፋት ደግሞ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ልትሆኑ ካሰባችሁ ደግማችሁ አስቡበት።

የእኔ ጥፋት ግን በከፍታው ነበር። ዕቃ ከሥር ላስቀምጥ ብዬ 35 ሳንቲም ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት አልጋ ሠራሁ። ሲያዩት ያምራል። ማታ ስገባ መቀመጥ አልቻልኩም። የክዳኑ ጣሪያ ራሴን ይነካኛል፣ ሱሪ የምቀይረው በጀርባዬ ተኝቼ ነው። በሦስተኛው ቀን መጋዝ ተውሼ እግሩን ቆረጥኩት። ቀጥ ብሎ መቀመጥ መቻል ከአንድ ሻንጣ ዕቃ ይበልጣል። ዕቃው ይቀነስ።

ብርድ ፈርቶ ሁሉንም መዝጋት

ይኼኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። የካሶኔው ክዳን ፕላስቲክና መስታወት ነው፣ ወለሉ ብረት ነው። ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በላቡ ብዙ እርጥበት ይወጣዋል፣ እሱ ሁሉ ቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ሄዶ ውሃ ይሆንና ይንጠባጠባል። የመጀመሪያ ሌሊት ጠብታ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ዝናብ አስገባ ብዬ በባትሪ ቀዳዳ ስፈልግ ነው ያመሸሁት። ዝናቡ እኔው ነበርኩ።

መፍትሔው የሚያስቅ ይመስላል፦ በብርድ መስኮት መክፈት። በሁለት ወገን፣ ሁለት ጣት ያህል፣ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። ጠዋት ግድግዳውን በፎጣ ጥረጉ። ፍራሹን ቀን ቀን አቁሙት፣ አለዚያ ከሥሩ ይሻግታል። ብርዱ ደግሞ ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ሌላ ብርድ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ከፍራሹ ሥር ወፍራም ፎም አንጥፉ።

ጋቢ ይዤ ነበር። እናቴ የላከችው፣ አራት እጥፍ። ቤት ውስጥ እሱን የሚያህል የለም፣ እዚህ ግን ጥጥ እርጥበት ጠጥቶ አይለቅም፣ በሳምንቱ ሽታው አላስጠጋ አለኝ። ታጥቦ ሻንጣ ውስጥ ገባና ሱፍ ብርድ ልብስና ለዜሮ ዲግሪ የሚሆን ስሊፒንግ ባግ ተኩ።

አሁን ዋናው። ሰው ሲበርደው እሳት ያምረዋል። ከሰል አፍኖት የሞተ ሰው ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም፣ «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል» ተብሎ ወደ ውስጥ የሚገባው ምድጃ ነው የሚገድለው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ጉንፋን ይመስላል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ያልፋል። የጋዝ ማሞቂያም፣ የቡታ ጋዝ ምድጃም፣ ሞተሩ በርቶ ማርሚታው በበረዶ የተደፈነ መኪናም ያው ናቸው። ማሞቂያው ላይ «ለውስጥ ይሆናል» ቢባልም ተኝታችሁ አታድሩበት። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ርካሽ ነው፣ ከፍራሹ በፊት እሱን ግዙ። እኔ የማድረው በውሃ ነበር፦ ማታ ከነዳጅ ማደያ ሙቅ ውሃ በጠንካራ ኮዳ ሞልቼ፣ በካልሲ ጠቅልዬ እግሬ ሥር። እስከ ንጋት ድረስ ይሞቃል።

አንድ ቦታ ተክሎ መቅረት

ጥሩ ቦታ ሲገኝ ደጋግሞ መሄድ ያምራል። ሲያትል ውስጥ መኪና መንገድ ላይ አንድ ቦታ ከ72 ሰዓት በላይ መቆም አይችልም፣ ሰፈርተኛም ይቆጥርላችኋል። በ2016 እዚሁ ከተማ ፒካፑ ውስጥ የሚኖር ሰው መኪናው በዚህ ሕግ ተጎተተበትና ውጭ ማደር ጀመረ። ክሱ እስከ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 መኪናው መኖሪያው መሆኑን፣ የተጠየቀውም 500 ዶላር ምናምን ለእሱ አቅም ከልክ ያለፈ ቅጣት መሆኑን ፈረዱለት። ደስ ይላል። ግን አምስት ዓመት ነው የፈጀው፣ እናንተ የነገ ማደሪያችሁን ነው የምትፈልጉት።

ሕጉ በየከተማው ይለያያል። ሳንዲያጎ በፈረንጅ አቆጣጠር ከማታ 9 ሰዓት እስከ ጠዋት 6 በመኪና ውስጥ ማደር ይከለክላል፣ መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት አጠገብ ደግሞ ቀንም አይቻልም። በ2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተሞች ውጭ ማደርን መቅጣት ይችላሉ ካለ ወዲህ ብዙዎቹ አጥብቀዋል። የሀይዌይ ማረፊያዎችም እንደዚያው ናቸው፣ የሚቆይበት ጊዜ ገደብ አለው፦ ዋሽንግተን ስቴትና ካሊፎርኒያ 8 ሰዓት፣ ቴክሳስ 24፣ ፍሎሪዳ 3 ሰዓት። ዋልማርት ይፈቅዳል የሚባለው ወሬ የሚወሰነው በቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅና በከተማው ሕግ ነው፣ ገብታችሁ ጠይቁ። ቢኤልኤም የሚባለው የፌዴራል መሬት ላይ በአብዛኛው በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን በነፃ ይታደራል፣ ግን ከከተማ ሩቅ ነው፣ ሥራ ላለው ሰው ለቅዳሜና እሁድ ነው የሚሆነው።

ያዋጣኝ ልማድ ይኼ ነው፦ የምበላበት፣ የምታጠብበትና የምተኛበት ቦታ ይለያያል። የምተኛበት ቦታ ላይ ጥርሴን እንኳ አልፍቅም። መሽቶ መግባት፣ ሳይረፍድ መውጣት፣ ቆሻሻ አለመተው። አንድ ጥበቃ በእጅ ባትሪው መስታወቱን ሲያንኳኳ ልከራከረው ብዬ ነበር፣ ደግነቱ አፌ ደረቀ። «ይቅርታ፣ አሁን እሄዳለሁ» በቂ ነው።

ሻወር? ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ጂም። የከባድ መኪና ማረፊያዎችም አላቸው፣ ግን አንዱ ሻወር የጂሙን ግማሽ ወር ይበላል።

አድራሻን መርሳት

ቤት የለኝም ማለት አድራሻ የለኝም ማለት መሆን የለበትም። አሜሪካዊ ዜግነት የሌለው ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ በተዛወረ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አድራሻውን ማሳወቅ አለበት። ኤአር 11 የሚሉት ነው፣ ኦንላይን ይሞላል። ጉዳዩ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያለ ሰው ደግሞ ለፍርድ ቤቱም ለብቻው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት። የጥገኝነት ጉዳይ ላይ ያላችሁ፣ ይኼንን እንደ ተራ ወረቀት አትዩት፦ ደብዳቤው አሮጌ ቤት ሄዶ ቀጠሮ ካለፋችሁ በሌላችሁበት ሊፈረድባችሁ ይችላል።

ደብዳቤ የሚቀበልላችሁ ዘመድ ከሌለ በወር ክፍያ የመንገድ አድራሻ የሚሰጡ የፖስታ ሱቆች አሉ። ፖስታ ቤቱም ጄነራል ዴሊቨሪ በሚባለው መንገድ ደብዳቤያችሁን በነፃ ያስቀምጥላችኋል፣ በአብዛኛው እስከ 30 ቀን፣ መታወቂያ አሳይታችሁ ትወስዳላችሁ። ለኢንሹራንሱም መኪናው የሚያድርበትን አካባቢ በትክክል ንገሩ፣ አደጋ ሲደርስ ነው የሚቆጥሩት።

በመኪናው ባትሪ መኖር

ትንሽ ፍሪጅ ሰክቼ አደርኩ። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ቲክ፣ ቲክ፣ በቃ። ሥራ አረፈድኩ፣ በማላውቀው ሰው መኪናና ኬብል ተነሳሁ። ለስልክና ለመብራት የተለየ ትንሽ ፓወር ስቴሽን (ሶኬት ያለው ተንቀሳቃሽ ባትሪ) ይበቃል። ሊቲየም ከሆነ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ አታድርጉት፣ ይጎዳል።

እንደ ቤት ለመብላት መሞከር

እንጀራ ገዝቼ ፌስታሉን ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኩ። ቀን ሞተሩ ሲሞቅ፣ ማታ እርጥበቱ ሲመጣ፣ በሁለተኛው ቀን አረንጓዴ ሆነ። ወጥም እንደዚያው ነው፣ የበሰለ ምግብ ያለ ፍሪጅ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ሳስበው እኮ አያቶቻችን ይኼን ጥያቄ ከመለሱት ቆይቷል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ሁሉም የመንገደኛ ስንቅ ነው፣ አንዱም ፍሪጅ አይጠይቅም። በሶ በውሃና በጨው በጥብጬ የጠጣሁባቸው ጠዋቶች ከማደያው ሳንድዊች ይሻሉኝ ነበር። ድብ ባለበት ጫካ የምታድሩ ግን ጭኮውን ሽታ በማያወጣ ዕቃ ዝጉ።

ጠጥቶ «አልነዳም፣ እተኛለሁ» ማለት

አጭር ነው። በብዙ ስቴቶች ጠጥታችሁ ቁልፉ እጃችሁ ላይ ሆኖ መኪና ውስጥ ከተኛችሁ፣ መኪናው ባይንቀሳቀስም ጠጥቶ እንደ መንዳት ሊያስከስሳችሁ ይችላል። ቤታችሁ መኪና እስከሆነ ድረስ መጠጡ ይቅር።

ለሰው አለመናገር

ስድስት ሳምንት ደበቅኩ። ሰው ምን ይለኛል ነው እንግዲህ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መኪናዬን ራቅ አድርጌ ነበር የማቆመው። አንድ እሁድ አንዲት እማማ አጠገቤ ሆነው በመስኮቱ ወደ ውስጥ አይተው «ልጄ፣ ትራስ ይዘህ ነው እንዴ የምትዞር?» አሉኝ። «አንዳንዴ አረፍ እልበታለሁ እማማ» አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዕቃ ጭኮ ሰጡኝና «ሐሙስ ልብስህን አምጣ፣ ማሽኑ ባዶውን ነው የሚውለው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ላውንደሪ አልከፈልኩም።

ለሁሉም ሰው ይነገር አልልም። ግን ቢያንስ አንድ ሰው የት እንደምታድሩ ይወቅ። እኔ ሎኬሽኔን ዳላስ ላለችው የአክስቴ ልጅ ሼር አደረግኩላት። አንድ ሌሊት ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነጥቡ ጠፋባት። ጠዋት ስከፍተው 14 ጊዜ ደውላለች። መልሼ ስደውል ሰላምታም የለ፣ ስድብ ብቻ። ሞተሩን አስነስቼ፣ ስልኩን ክሩስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ እስክትጨርስ ሰማኋት።