የቁምሳጥን በር ሲወልቅ ብሎኑን አትርገሙት

ብሎኑን አጥብቃችሁ ሞክራችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ካቻቢቴ የሌለው ቤት የለም። ብሎኑ ዝም ብሎ ከዞረ ወይም በሩ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ መልሶ ከዘመመ ግን ይሄን አንብቡ።

በሩ ዘመመ፣ ማጠፊያው ከነብሎኑ ወጣ

እኔ ጋ ከሚመጣው ሥራ ትልቁ ይሄ ነው። ቁምሳጥን በሉ፣ የኪችን ካቢኔት በሉ፣ በሽታው አንድ ነው። ሰው ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰድበው ብሎኑን ነው። እስቲ አውጥታችሁ እዩት። ቀጥ እንዳለ፣ ጥርሱ ሳይነካ ነው የሚወጣው። በጥርሶቹ መሃል ቡናማ ዱቄት ታጭቆ ታገኛላችሁ። ያ ዱቄት ብሎኑን ይዞት የነበረው ቺፕውድ ነው።

ቺፕውድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው። እንደ ጽድ ወይም እንደ ዋንዛ ብሎን አንቆ የሚይዝ ረጅም ጅማት የለውም። ላዩ ጠጠር ያለ ነው፣ መሃሉ ግን ሳሳ ይላል። አንዴ ከተፈረፈረ ባጠበቃችሁት ቁጥር ይብስበታል። ውሃ ከነካውማ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ድሮው አይመለስም። ከማጠቢያው ሥር ያለው በር ሁሌ ቀድሞ የሚወልቀው ለዚህ ነው።

አንዲት እናት ቤት ሄጄ፣ ገና ሳልቀመጥ «ልጄ፣ ረጅም ብሎን አስገባበትና ገላግለኝ» አሉኝ። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ ለካ አስገብቶላቸዋል። በሩ 18 ሚሊ ነው፣ ብሎኑ 30 ሚሊ። ጫፉ በፊት ለፊት ብቅ ብሎ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ጭሮታል። ለ18 ሚሊ በር 16 ሚሊ ብሎን ይበቃል፣ አለቀ። ቀዳዳ ውስጥ ማስቲካ አግኝቻለሁ፣ ሳሙና አግኝቻለሁ፣ አንድ ቤት ደግሞ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሚስማር ተመቶበት በሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ጠበቀኝ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በሩን አውርዱና መሬት ላይ አጋድሙት፤ ተንጠልጥሎ እንዳትነኩት፣ ወድቆ እግር ይሰብራል። የተበላሸውን ቀዳዳ በ8 ሚሊ ፑንታ (የድሪል መብሻ) አስፉት። ጥልቀቱ ከ13 ሚሊ አይለፍ፤ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ምልክት አድርጉ፣ አለዚያ በሩን በስታችሁ በዚያኛው በኩል ትወጣላችሁ። ዱቄቱን እፍ ብላችሁ አጽዱ። 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ድቡልቡል የጠንካራ እንጨት ቁራጭ በነጭ የእንጨት ኮላ ነክራችሁ ምቱበት። ከዚያ ተዉት። አንድ ቀን ሙሉ! ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ ኮላው ሳይደርቅ ብሎን ይከታል። በማግስቱ ትርፉን ቆርጣችሁ በ2.5 ሚሊ ፑንታ መሃሉን ብሱና ብሎኑን በእጅ አስገቡ። በድሪል አይደለም፣ በእጅ። ድሪል መቆሚያውን አያውቅም፣ የደከማችሁበትን በአንድ ሰከንድ መልሶ ዱቄት ያደርገዋል።

ድቡልቡሉ ካልተገኘ ስቲኪኒ ወይም የክብሪት እንጨት በኮላ አጭቃችሁ መሥራት ይቻላል፣ ለቀላል በር ብቻ። ኮላና ሰጋቱራ አቡክቶ መጠቅጠቅ ግን እኔ ጋ ቆይቶ አያውቅም። የተፈታው በሩ ሳይሆን የካቢኔቱ ጎን ከሆነና ቺፕውዱ በጣት ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ፣ ዳር እስከ ዳር በስታችሁ በብሎንና በዳዶ እሰሩት፤ ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ጠፍጣፋ ብረት) ይግባ። አያምርም፣ ግን አይወልቅም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ቤት ለአንድ በር ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ቀዳዳውን አሳምሬ ደፍኜ እሄዳለሁ፣ በወሩ ስልክ ይደወላል። በሦስተኛው በሩን ብቻዬን ላነሳ ስል አቃተኝ። ከውስጥ በኩል ቁመቱን ሙሉ መስታወት ለጥፈውበታል! ሁለት ሜትር በር፣ ከነመስታወቱ፣ በሁለት ማጠፊያ። እንዲህ ያለ በር አራት ማጠፊያ ይፈልጋል። ሁለት ማጠፊያ ቆጥቦ የሸጠውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል።

ካቻቢቴው ይንሸራተታል፣ የብሎኑ ራስ ተበላ

የብሎኑን ራስ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከመስቀሉ መሃል አራት ቀጫጭን መስመሮች ካሉበት ፖዚድራይቭ ነው፤ የሚፈልገው ፒዜድ 2 (PZ2) የተጻፈበትን የካቻቢቴ ጫፍ እንጂ የተለመደውን ፒኤች 2 (PH2) አይደለም። የቤት ዕቃ ብሎን ብዙው እንዲህ ነው፣ ሰው ግን ባለው ይገባበታል።

የመደርደሪያው ክብ መቆለፊያ ተሰበረ

ያቺ ሳንቃ ከሳንቃ የምታያይዘው፣ በግማሽ ዙር የምትቆልፈው ክብ ነገር ብረት ትመስላለች እንጂ ብዙውን ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ናት። ስትጠብቅ አቁሙ። ከተሰበረች ቀይሯት፣ አትጠገንም።

ፕላስቲክ ዕቃ ላይ ብሎኑ አልይዝ አለ

ብሎኑን መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሩት። ቀጭ ብሎ ዝቅ ሲል የድሮ መንገዱን አገኘ ማለት ነው፤ ከዚያ አጥብቁ። በየጊዜው አዲስ ጥርስ እያወጣችሁ ካስገባችሁት ፕላስቲኩ ያልቃል።

የድስት እጀታ ሁሌ ይላላል

ሙቀት ነው። ሲግልና ሲቀዘቅዝ ብሎኑ ይለቃል። የተሰነጠቀችውን ስፕሪንግ ሮንዴላ አስገቡበት። ሱፐር ግሉ አትጨምሩ፣ እሳት አይችልም።

የፕላስቲክ ወንበር ተሰነጠቀ

ገልብጡት። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሱፐር ግሉ አይዘውም፣ በከንቱ ገንዘብ አታውጡ። በጋለ ወስፌ ግራና ቀኙን በስታችሁ በቀጭን ሽቦ ስፉት። ይሄ ግን ለመደገፊያው ነው። እግሩ ከሆነ የተሰነጠቀው አትስፉት፣ እንግዳ ይወድቅበታል።