ሰባት ቤት ለሚቆጥር ጎንደሬ፦ የፖርቱጋል ባላባት ዘር አሳሳል

ጎንደር ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ያንን የለመደ ሰው የመካከለኛው ዘመን ፖርቱጋላዊ ባላባትን ዘር ለመሳል ብዙ አይቸገርም። ምሳሌያችን ኑኖ አልቫሬስ ፔሬራ ይሁን፤ በ1385 አልጁባሮታ ላይ ጎረቤቱን የካስቲል መንግሥት ያሸነፈው የጦር አዛዥ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ከፋሲል ግንብ ጋር አታገናኙት፤ ጎንደር በ1636 ሲቆረቆር እሱ ከሞተ 205 ዓመት ሆኖታል።)

ወረቀቱን አጋድማችሁ ኑኖን መሃል ጻፉ። አልቫሬስ ማለት የአልቫሮ ልጅ ነው። አባቱ አልቫሮ ጎንሳልቬስ ደግሞ የጎንሳሎ ልጅ። እስከዚህ እንደኛው ነው። ፔሬራ ግን የቤት ስም ስለሆነ አያት ብላችሁ እንዳትቆጥሩት፤ አንድ ትውልድ ይጨምርባችኋል።

ጋብቻን በድርብ መስመር፣ ዲቃላን በነጠብጣብ ለዩ። እዚህ ነጠብጣቡ ይበዛል፦ አያቱ የብራጋ ሊቀ ጳጳስ፣ አባቱ ሆስፒታለር የሚባለው የመነኮሳት ወታደሮች ማኅበር የፖርቱጋል አለቃ ነበሩ፤ ሁለቱም በደንቡ ሚስት የላቸውም። ኑኖን ንጉሥ ፔድሮ በ1361 ሕጋዊ ልጅ አድርጎታልና ዓመቱን ከነጠብጣቡ ጎን ጻፉ።

ወደ ታች ስትወርዱ ልጁ ቤያትሪስ በ1401 የንጉሥ ዡዋው 1ኛን ዲቃላ አፎንሶን አገባች። የእነሱ ልጅ ኢዛቤል ደግሞ የአባቷን ወንድም፣ የንጉሡን ልጅ ዡዋውን! የኛ ሽማግሌ ገና ሲሰማ ይነሳ ነበር። ንጉሡን ሁለቴ አትጻፉ፤ ከአንዱ ስም ሁለት መስመር አውጡና አንዱን በአባቷ በአፎንሶ፣ ሌላውን በባሏ በዡዋው በኩል ኢዛቤል ላይ አገናኙ። ሁለቴ ከተጻፈ ዝምድናው ይሰወራል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ዓመት ነው። ፖርቱጋል እስከ 1422 የምትጽፈው የቄሣር ዘመን በሚባል አቆጣጠር ነበር፤ ወደ እ.ኤ.አ. ለማምጣት 38 ይቀነሳል። የአልጁባሮታ ዓመት በዚያ ሲጻፍ 1423 ይሆናል። ኑኖ ሊዝበን ገዳም የገባውም በ1423 ነው፣ ይኼኛው ግን በአዲሱ፣ በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር። ሳይቀንስ የጻፈ ሰው ጦርነቱንና ምንኩስናውን በአንድ ዓመት ያውላቸዋል።

ወደኛ አቆጣጠር ለማምጣት ከመስከረም 1 በፊት ከሆነ 8፣ በኋላ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ቀንሱ። ያኔ መስከረም 1 የሚውለው ኦገስት 29 ነበር፣ በአራት ዓመት አንዴ 30። ስለዚህ ኦገስት 14 ቀን 1385 ነሐሴ 21 ቀን 1377 ይሆናል። በዛሬው ሰሌዳ የቆጠረ ነሐሴ 8 ይለዋል፤ 13 ቀን ሳተ። መፈተኛው ልደቱ ነው፦ ጁን 24 ቀን 1360፣ በእነሱ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት። ስሌታችሁ ሰኔ 30 ላይ ካረፈ ልክ ናችሁ።