አልፈታ ያለው የፊት ጥርስ ዳዶ

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን ስወጣ የአሮጌዋ ትሪያል (የድንጋይና የዳገት መውጫ) ሞተርሳይክሌ ካቴና ቀጭ ቀጭ እያለ ይዘል ነበር። ሽፋኑን ስከፍት የፊቱ ጥርስ፣ ማለትም ካቴናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርሳም ክብ፣ ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ጎብጠዋል።

ያስቸገረኝ እሱን የያዘው ዳዶ ነው። መጀመሪያ ካቴናውን አውልቄ ታገልኩ፤ ጥርሱ አብሮ ይዞራል። ለካ ካቴናው ሳይወልቅ ነው የሚፈታው። ዳዶው እንዳይላላ የታጠፈበትን ሮንዴላ በካቻቢቴ አቀናሁ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ጓደኛዬ የኋላ ፍሬን ረገጠልኝ። በረጅም ቁልፍ ስጫነው ጧ ብሎ ለቀቀ። ደስታዬ!

ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ከአዲሱ ጥርስ ጋር ካቴናም አብሬ ገዛሁ፤ ያረጀ ካቴና አዲስ ጥርስ ቶሎ ይበላል። ባለ 12 ጥርሱ ቢያጓጓኝም እንደ ድሮው ባለ 11ዱን ገጠምኩ። ከፊት አንድ ጥርስ መጨመር ከኋላ አራት ያህል እንደመቀነስ ነው፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያሳጣል። ሮንዴላውንም በአዲስ ቀይሩት፣ ደጋግሞ የታጠፈ ይሰበራል።