ጀጎል ውስጥ እስያን ማጥናት፦ መመረቂያ ጽሑፍ ለሚጀምሩ

«የቻይናና የኢትዮጵያ ግንኙነት» ብሎ ርዕስ ማስመዝገብ ቀላል ነው፤ ችግሩ መጨረሱ ላይ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ያለው አንድ ሴሚስተር፣ ሁለት እግርና የባጃጅ ሳንቲም ነው። ደግነቱ ሐረርና ድሬዳዋ ላለ ሰው እስያ ሩቅ አይደለችም። ጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር ውስጥ፣ የሕንድ ነጋዴዎች ያቆሟቸው ፎቅ ቤቶች አሉ። ድሬዳዋ ታይዋን የሚባል ገበያ አላት፤ ቻይናውያን የሠሩት አዲሱ የጅቡቲ ሐዲድም በዚያው ያልፋል። ከባሕሩ ማዶ ያለችው የመን እስያ መሆኗን ደግሞ ብዙው ተማሪ ይረሳዋል።

በሕንድ ቤቶቹ እንሂድ፤ አሠራሩ ለሌላውም ያገለግላል።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡ። «ሕንዶች በሐረር ምን አደረጉ?» ማለት ጥያቄ አይደለም፣ ሐሳብ ነው። «በአንደኛ መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ፎቅ ቤቶች የሕንድ አሠራር የሚታየው ስንቱ ላይ ነው? ነዋሪዎቹስ ማን ሠራው ይላሉ?» ካላችሁ ግን ተቆጥሮ የሚያልቅ ሥራ ያዛችሁ። ከ20 እስከ 25 ቤት ይበቃል።

ሁለተኛው ምን እንደምትቆጥሩ ማወቅ ነው፤ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል፤ ውስጡ ደረጃ ደረጃ የሆነ ነደባ፣ ማለትም የመቀመጫ መደብ፣ አለው። የሕንድ ነጋዴዎች ከተማዋ በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ ያመጡት ቤት አራት ማዕዘን ነው፤ ሁለት ፎቅ ሆኖ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ በረንዳ አለው። ከዚያ ሁለቱ ተዳቀሉና ሦስተኛ ዓይነት ወጣ። ስለዚህ በረንዳ ያለውን ሁሉ «የሕንድ» ብላችሁ አትጻፉ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ስጡ፦ ፎቁ ስንት ነው፣ በረንዳው ወዴት ያያል፣ እንጨቱ የተቀረጸ ነው ወይስ ልሙጥ፣ ታች ሱቅ አለ ወይ፣ ውስጡ ነደባ አለ ወይ። «ሕንድ ሠራው» ሲባልም ባለቤቱ ነው ወይስ አናጢው ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱ አይገናኙም። በቀን ከስድስት ቤት በላይ አትያዙ፤ ሰባተኛው ላይ ዓይን ይሰንፋል።

የትብብር ደብዳቤ ከዲፓርትመንታችሁ አውጥታችሁ ለቀበሌ ሳታሳዩ ካሜራ አታንሱ። ጀጎል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ሜትርና ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው «ቤቴን ሊያፈርሱ ነው ወይ?» ያሰኛል። መጀመሪያ ማስረዳት፣ ከዚያ መለካት።

ቃለ መጠይቅ ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ባለሱቁን ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት አግኙት። ከሰዓት በርጫ (የጫት ወግ) ላይ ወሬው ይጥማል፣ አቦ! ማስረጃ ግን አይሆንም፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ያሳምረዋል። የበርጫውን ወሬ እንደ ፍንጭ ያዙትና ጠዋት ለብቻ ጠይቁ። ገቢና ኪራይ አትጠይቁ፤ ጥያቄውን ከግብር ጋር ካያያዙት ቀሪው መልስ ሁሉ ይቆጠባል። ሰውየው በሐረሪ ወይም በኦሮምኛ የሚቀናው ከሆነ በአማርኛ አታስጨንቁት፤ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረም ጻፉ። ትልቁን የሕንድ ንግድ ቤት፣ መሐመድ አሊን፣ ጣሊያኖች ያባረሩት በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የሚያወራችሁ ሰው የሚነግራችሁ በአብዛኛው ከአባቱ የሰማውን ነው፤ «አየ» ሳይሆን «ሰማ» ብላችሁ መዝግቡ።

የዚሁ ንግድ ቤት ስም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ሰነድ አንድ ዓይነት ፊደል የለውም። ያገኛችሁትን አጻጻፍ ሁሉ በአንድ ወረቀት ዘርዝሩ፤ በአንዱ ብቻ የፈለገ ሌላውን «ሰነድ የለም» ብሎ ያልፈዋል።

የመጨረሻው ወጥመድ ዘመን መለወጥ ነው። «7 ወይም 8 ደምር» ብሎ መገመት ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. አጋማሽ ስለሆነ 1902 ይሆናል። ሐረር በምኒልክ እጅ የገባችበት የጨለንቆ ጦርነት ደግሞ በ1879 ዓ.ም. ገና ሰሞን ነው፤ 8 ተደምሮ 1887። ሐረር ውስጥ ሦስተኛ አቆጣጠር፣ የሙስሊሞቹ ሂጅራ፣ ይጨመራል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ቋሚ ቁጥር መደመር አይሠራም፤ መለወጫ ሰንጠረዥ ተጠቀሙ። በጽሑፉም ሰነዱ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ አስቀምጡ፤ የለወጣችሁትን ከጎኑ።