«ሳላሪ» ላይ የማልታገሳቸው ስህተቶች

«ሳላሪ የሚለው ቃል የመጣው የሮማ ወታደሮች በጨው ይከፈላቸው ስለነበር ነው።» ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስንት ደብተር ላይ ይቺን ዓረፍተ ነገር አየሁ! ተማሪው ከመምህሩ ገለበጣት፣ መምህሩም ከሌላ ሰው ሰማት።

ግማሿ ልክ ናት። ሳላሪ በእንግሊዝኛ ደመወዝ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው «ሳላሪዩም» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ «ሳል» ደግሞ ጨው ነው። ወታደሩ ደመወዙን በጨው ይቀበል ነበር የሚል የጥንት ጽሑፍ ግን የለም። በአውግስጦስ ዘመን አንድ ተራ እግረኛ በዓመት 225 ዲናር ይታሰብለት ነበር። ዲናር የብር ሳንቲም ነው። የክፍያው ስምም «ስቲፔንዲዩም» እንጂ ሳላሪዩም አልነበረም። ጨውና ክፍያ እንዴት እንደተገናኙ የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው። እባካችሁ መምህራን፣ ግምትን ታሪክ አድርጋችሁ አታስጽፉ።

የእኛ ልጅ ወሬውን ቶሎ የሚያምንበት ምክንያት ይገባኛል። ጨው ገንዘብ የነበረው እዚሁ አገር ነው። ከአፋር በረሃ የተቆረጠ አሞሌ ጎጃም ውስጥ የጁቤ ከተማ አጠገብ ባለው የባሶ ገበያ ከአባይ ማዶ በመጣ ወርቅና ቡና ይለወጥ ነበር። ይሄ የራሳችን ታሪክ ነው፣ አስተምሩት። ለሮማ ግን አታውሱት።

ሌላው ስህተት ማንኛውንም ክፍያ ሳላሪ ማለት ነው። ሳላሪ በዓመት ተሰልቶ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ የሚከፈል ቋሚ ደመወዝ ነው፤ የነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው። መስከረም ሲጠባ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ የሚወርደው ልጅ በቀን የሚቀበለው ግን «ዌጅ» ነው። «የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው» የሚለው ጥቅስ እንኳ በእንግሊዝኛው «ዌጅስ» ነው የሚለው። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ጥቅሱን በራሷ ስትመልሰው «ሳላሪ ኦፍ ሲን» አለች። ምን ታድርግ፣ ልዩነቱን የነገራት ሰው አልነበረም።

«ማይ ሳላሪ ኢዝ ሜኒ» አይባልም። «ሃይ» ወይም «ሎው» ነው።

አነባበብ ላይም ተጠንቀቁ። «ሳ» የምትለዋን አፍ ከፈት አድርጋችሁ፣ ጫን ብላችሁ በሏት። «ሴለሪ» ካላችሁ ሾርባ ውስጥ የሚገባው አትክልት ሆነ።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ደግሞ «ሃው ማች ሳላሪ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ዋት ኢዝ ዘ ሳላሪ?» ይበቃል።