ስሙን ትታችሁ ወንበሩን ተከተሉ፦ የፎርሙላ ዋን ዝውውር ወሬን እንዴት እንደምትከታተሉ

እኛ ሀገር ዝውውር ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ክለቡ ብር ይከፍላል፣ ተጫዋቹ ይመጣል፣ ቡድኑ ውስጥ ደግሞ ሃያ ምናምን ሰው ስላለ አንድ ቢጨመር የግድ ሌላው አይባረርም። ፎርሙላ ዋን እንዲህ አይደለም። በ2026 ያሉት ቡድኖች 11 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ሁለት መኪና ያሰልፋሉ፣ በቃ። በመላው ዓለም ያለው ቦታ 22 ብቻ ነው። የዝውውር መስኮት የሚባል ነገርም የለም፤ ዜናው ጥር ላይም፣ ነሐሴ ላይም፣ ታኅሣሥ ላይም ሊፈነዳ ይችላል። አንዱ እንዲገባ ሌላው መውጣት አለበት።

ስለዚህ "እከሌ ወዴት ሊሄድ ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። "የማን ወንበር ሊለቀቅ ነው?" ብላችሁ ጀምሩ። ይቺን ከያዛችሁ በየቀኑ ስልካችሁ ላይ ከሚመጣው ወሬ አብዛኛውን በራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። (ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ሰልፉን ጻፉ

ወረቀት ላይም ይሁን ስልካችሁ ላይ 22ቱን ስም አስፍሩ። የ2026 ሰልፍ ይህ ነው፦ ማክላረን ኖሪስና ፒያስትሪ፣ መርሴዲስ ራስልና አንቶኔሊ፣ ሬድ ቡል ቨርስታፐንና ሀጃር፣ ፌራሪ ሌክለርና ሃሚልተን፣ ዊሊያምስ አልቦንና ሳይንዝ፣ ሬሲንግ ቡልስ ሎውሰንና ሊንድብላድ፣ አስቶን ማርቲን አሎንሶና ስትሮል፣ ሃስ ኦኮንና ቤርማን፣ አውዲ ሁልከንበርግና ቦርቶሌቶ፣ አልፓይን ጋስሊና ኮላፒንቶ፣ አዲሱ ካዲላክ ደግሞ ፔሬዝና ቦታስ።

ከእያንዳንዱ ስም ጎን ውሉ የሚያልቅበትን ዓመት ጻፉ። ቨርስታፐን 2028፣ ጋስሊ 2028፣ አሎንሶ 2026። ብዙዎቹ ላይ ግን ቡድኑ "የብዙ ዓመት ውል" ብሎ ብቻ ያልፈዋል፤ እዚያ ጋ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። የጥያቄ ምልክቱም መረጃ ነው። ሁለቱ ወገኖች ዓመቱን ያልተናገሩት መውጫ በር ስለተዉ ሊሆን ይችላል።

ሰንሰለቱን ማንበብ

ለዚህ የ2024ን ያህል ጥሩ ማስተማሪያ የለም፤ ረጋ ብለን እንየው።

ሉዊስ ሃሚልተን በ2023 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከመርሴዲስ ጋር እስከ 2025 የሚዘልቅ ውል መፈረሙ ተነገረ። አምስት ወር ቆይቶ፣ 2024 የካቲት 1 ላይ፣ ውድድሩ እንኳን ሳይጀመር፣ ለ2025 ወደ ፌራሪ እንደሚሄድ ይፋ ሆነ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ግን ውሉን አላፈረሰም። ከአንድ ዓመት በኋላ መውጣት የሚያስችለው አንቀጽ ውሉ ውስጥ ነበር፣ እሱን ተጠቀመ። መርሴዲስም መግለጫው ላይ ይህንኑ ነው ያለው።

አሁን ሃሚልተንን እርሱትና ወንበሮቹን ተመልከቱ። ፌራሪ ውስጥ የካርሎስ ሳይንዝ ቦታ ተወሰደ፤ መርሴዲስ ውስጥ ደግሞ አንድ ቦታ ክፍት ሆነ። ቀላሉ ግምት "እንግዲያው ሳይንዝ ወደ መርሴዲስ ይሄዳላ" የሚል ነበር። ሳይንዝ ደግሞ ያን ዓመት አቋሙ ድንቅ ነበር። ጅዳ ላይ በትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ምክንያት ሳይወዳደር ቀረ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሜልበርን ላይ ተመልሶ አሸነፈ! መኪናው ውስጥ የመቀመጫ ቀበቶው ሆድን እንዴት ጨምድዶ እንደሚይዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ከትልልቆቹ ቡድኖች አንዱም አልወሰደውም። ሬድ ቡል ሰኔ ላይ የፔሬዝን ውል አራዘመ፣ ማክላረን ሁለቱም ቦታው ተይዟል፣ የመርሴዲሱ አለቃ ቶቶ ቮልፍ ደግሞ ልቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገው ኪሚ አንቶኔሊ ላይ ነበር። ሳይንዝ ሐምሌ 29 ላይ ለዊሊያምስ ፈረመ። ዛሬም ድረስ ትንሽ ይቆጨኛል። ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ያልተለቀቀ ወንበር ላይ አትቀመጥም።

አንቶኔሊስ? ጣሊያን ሞንዛ ላይ፣ አርብ ዕለት፣ የራስልን መኪና ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦፊሴላዊ ልምምድ ላይ ወጣ። ገና ጥቂት ደቂቃ እንደነዳ ፓራቦሊካ በሚባለው የመጨረሻ መታጠፊያ መኪናው ከእጁ አመለጠና ግንቡ ላይ ሄዶ ተላተመ። የሀገሩ ሕዝብ ፊት፣ በ18 ዓመቱ። ያን ቀን ማታ "አለቀለት" ያለው ሰው ብዙ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ መርሴዲስ የ2025 አሽከርካሪዬ እሱ ነው ብሎ አወጀ። ውሳኔው ቀድሞ ያለቀ ነበርና አንድ አርብ ሊቀይረው አልቻለም። ስለዚህ በአንድ ልምምድ፣ በአንድ ግጭት፣ በአንድ ጥሩ ዙር ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ የዝውውር ትንተና ስታገኙ እለፉት።

በ2020ም ይኸው ሰንሰለት ነበር፣ በጣም በአጭር ጊዜ። ግንቦት 12 ላይ ቬተል ከፌራሪ እንደሚለቅ ተነገረ። በሁለተኛው ቀን ሳይንዝ ወደ ፌራሪ፣ ሪካርዶ ወደ ማክላረን። ሪካርዶ የለቀቀው የሬኖ ቦታ ደግሞ ሐምሌ ላይ ለአሎንሶ ተሰጠ። አንድ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተከትሎ የሚንቀሳቀሰውን ፈልጉ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዜና አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አጠገብ ነው።

ፈረመ ማለት ተቀመጠ ማለት አይደለም

ፔሬዝ በ2024 ሰኔ ለሁለት ዓመት አራዘመ ተባለ። ታኅሣሥ ላይ ተሰናበተ። ስድስት ወር! ውሉ ውስጥ ውጤትን የሚመለከት አንቀጽ ይኖራል፣ ቡድኑ ብቻ የሚጠቀምበት አማራጭ ይኖራል፣ ካልሆነም ቡድኑ ካሳ ከፍሎ ያሰናብታል። ማክላረን በ2022 ሪካርዶ የአንድ ዓመት ውል እየቀረው ከፍሎ ነው የሸኘው። ስለዚህ "ውል አለው" የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አይበቃም። መውጫው በማን እጅ ነው? ይህን ጠይቁ።

ቨርስታፐን እስከ 2028 ውል እያለው በ2025 ክረምቱን ሙሉ "ወደ መርሴዲስ" ሲባል የከረመው በዚሁ ምክንያት ነው። ከውጤት ጋር የተያያዘ መውጫ እንዳለው በሰፊው ይነገር ነበር፣ ቮልፍም ፍላጎቱን አልደበቀም። በመጨረሻ ሀንጋሪ ላይ ራሱ አፉን ከፍቶ በ2026 ሬድ ቡል ውስጥ ነኝ አለ፣ ወሬውም ተዘጋ።

ሬድ ቡልን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሬድ ቡልና ታናሽ ቡድኑ ሬሲንግ ቡልስ የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ሰልፋችሁ ላይ እንደ አራት ወንበር አድርጋችሁ ቁጠሯቸው። እዚያ ቤት ዓመቱ እስኪያልቅ አይጠበቅም። በ2016 ክቭያት ወርዶ ቨርስታፐን ወጣ፣ ስፔን ላይ ለሬድ ቡል በመጀመሪያው ውድድሩ አሸነፈ፣ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በ2019 ጋስሊና አልቦን ቦታ ተለዋወጡ። በ2025 ሎውሰን አውስትራሊያና ቻይና ላይ ብቻ ተወዳድሮ ወደ ታች ተላከና ሱኖዳ ተተካ። ሱኖዳም ለ2026 ተጠባባቂ ሆነ፣ ቦታውን ሀጃር ወሰደው። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ወጣት ሁለት ውድድር መስጠት ጭካኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ቤቱ አሠራሩ ይህ ነው፣ ትንበያችሁም ይህን ይዞ መነሳት አለበት።

መግለጫ ሲወጣ ምን ላይ ታተኩራላችሁ

የአሽከርካሪው ቃል አለበት ወይ? ይህን ከሁሉ በፊት እዩ።

2022 ነሐሴ 1 ላይ አሎንሶ አልፓይንን ትቶ ወደ አስቶን ማርቲን እንደሚሄድ ተሰማ፤ ቬተል ጡረታ ሊወጣ መሆኑን ከተናገረ አራት ቀኑ ነበር። በማግስቱ አልፓይን ተጣድፎ "በ2023 ኦስካር ፒያስትሪ ይነዳልናል" ብሎ መግለጫ አወጣ። መግለጫው ላይ የቡድኑ አለቃ ቃል አለ፣ የፒያስትሪ ግን አንዲት ቃል የለችም። በሰዓታት ውስጥ ልጁ ራሱ ትዊተር ላይ ወጥቶ ለ2023 ከአልፓይን ጋር አልፈረምኩም፣ እዚያም አልነዳም አለ። ለካ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከማክላረን ጋር ተፈራርሟል። ጉዳዩ የውል ማረጋገጫ ቦርድ ጋ ሄደ፣ ቦርዱም መስከረም 2 ላይ ለማክላረን ፈረደ።

ይህ ቦርድ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማችኋል። በ1991 ሚካኤል ሹማከር ቤልጅየም ላይ ለጆርዳን አንድ ጊዜ ተወዳድሮ በሚቀጥለው ውድድር ቤኔቶን መኪና ውስጥ ተገኘ። ያ ትርምስ ነው ቦርዱን ያስወለደው። ቡድኖች የአሽከርካሪ ውላቸውን እዚያ ያስመዘግባሉ፣ ሁለት ቡድን "የእኔ ነው" ሲል ቦርዱ ይወስናል። "ፍርድ ቤት ይሄዳሉ" የሚል ወሬ ስታዩ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚህ ነው።

በተረፈ "ለጊዜው ሐሳባችን በሚቀጥለው ውድድር ላይ ነው" የሚል መልስ አይሆንም ማለት አይደለም። ዝም ማለትም እንደዚያው። ቦታው የእሱ መሆኑን እርግጠኛ የሆነ ሰው በአጭሩ "ውል አለኝ፣ እዚህ ነኝ" ነው የሚለው።

አዲስ ስም ሲነሳ

መጀመሪያ ሱፐር ላይሰንስ (ፎርሙላ ዋን ለመንዳት የሚያስፈልገውን ፈቃድ) ማግኘት ይችላል ወይ ብላችሁ አረጋግጡ። ደንቡ በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ ይጠይቃል። ከፎርሙላ ዋን አንድ ደረጃ ዝቅ በሚለው በፎርሙላ 2 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣ 40ውን ያገኛል። ዕድሜ ደግሞ 18 ነው፤ ቨርስታፐን በ2015 በ17 ዓመቱ ከገባ በኋላ የመጣ ገደብ ነው፣ አሁን የስፖርቱ የበላይ አካል ኤፍአይኤ ካመነበት ለ17 ዓመት ልጅ ሊፈቅድ ይችላል። በ2022 ሬድ ቡል አሜሪካዊውን ኮልተን ሄርታን ለአልፋታውሪ (ለዛሬው ሬሲንግ ቡልስ) ፈልጎት ነበር። ነጥቡ አልሞላም፣ ኤፍአይኤም ልዩ ፈቃድ አልሰጥም አለ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ይህን ደንብ ያየ ሰው ወሬውን ከሩቁ በጥርጣሬ ነበር የተከታተለው።

አርብ የመጀመሪያ ልምምድ ላይ አንድ ጀማሪ ስታዩም ቶሎ "ሊፈርም ነው" አትበሉ። ከ2025 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን በዓመት አራት ጊዜ ጀማሪ እንዲያሰልፍ ደንቡ ያስገድደዋል። ትልቁ ምልክት ተጠባባቂው ለውድድር ድንገት ተጠርቶ የሚያሳየው ነው። ኦሊ ቤርማን ሳይንዝ በታመመ ጊዜ ጅዳ ላይ በፌራሪ ገብቶ ሰባተኛ ወጣ፣ ሐምሌ ላይ ሃስ አስፈረመው።

ገንዘብ? አለ፣ ሁሌም ነበረ። ላንስ ስትሮል የሚነዳለት ቡድን ባለቤት አባቱ ሎውረንስ ናቸው፤ ያ ወንበር በውጤት ብቻ አይለካምና ከትንበያችሁ ውጭ አድርጉት። የአሽከርካሪ ደመወዝ ደግሞ ከቡድኖች የወጪ ጣሪያ ውጭ ስለሆነ "ጣሪያው አይፈቅድላቸውም" የሚለው መከራከሪያ አይሠራም።

የሞተር ደንብ የሚቀየርበትን ዓመት አትርሱ

ሃሚልተን ለ2013 ማክላረንን ትቶ ወደ መርሴዲስ ሲሄድ ብዙ ሰው አብዷል ብሎ ነበር። መርሴዲስ በ2012 ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነው። በ2014 ሞተሩ ሲቀየር ግን ሁሉም ተገለበጠ፣ እሱም እዚያ ስድስት ሻምፒዮና ወሰደ። 2026ም እንደዚያው የደንብ ለውጥ ዓመት ነው። ማን ጥሩ ሞተር እንደሠራ ሲታይ ከዚህ በፊት ማንም ያልፈለገው ወንበር ሁሉም የሚሻማበት ይሆናል።

አሁን ሰልፋችሁ ላይ ቀድማችሁ ልትከቡት የሚገባው የአሎንሶን ነው። ውሉ በ2026 ያልቃል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 29 ላይ 45 ዓመት ይሞላዋል፣ አስቶን ማርቲን ደግሞ ከሆንዳ ሞተርና ከመኪና ዲዛይነሩ ኤድሪያን ኒውዊ ጋር አዲስ ምዕራፍ ጀምሯል። እሱ ከቀጠለ ብዙ አይንቀሳቀስም። ከለቀቀ ግን ወደ ወረቀታችሁ ተመለሱና ከስማቸው ጎን 2026 ወይም የጥያቄ ምልክት ያለባቸውን አንድ በአንድ እዩ፤ ሰንሰለቱ ከእነሱ በአንዱ ነው የሚጀምረው።