ሌሊት ብቻዎን ማሳና በረት ሲጠብቁ የሚይዙትን ባትሪ እንዴት ይመርጣሉ?

መስከረም ላይ ነበር። በቆሎው እሸት ይዟል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቁ ዳር ባለችው ማሳችን ማማ ላይ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ደንገሉ ተንኮሻኮሸ። ግንባሬ ላይ ያሰርኳትን ባትሪ ሳበራ ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች ፈጠጡብኝ። በዚያ ሰሞን ቀበሮ ሁለት ግልገል በልቶብናል። ወንጭፌ ድንጋይ ይዟል። ክንዴን አነሳሁ። ልለቀው ስል እንስሳው ዞር አለ። አንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ተንጠልጥሏል። የጎረቤታችን ጥጃ ነው።

እስከ ዛሬ ያቺ ሌሊት ትዝ ስትለኝ ልቤ ይመታል። ባትሪዋ ዓይኑን አሳየችኝ እንጂ እንስሳውን አላሳየችኝም። ሁለት ሰው ሲጠብቅ አንዱ ያበራል፣ ሌላው አይቶ ይለያል። ብቻዎን ሲሆኑ ግን የሚያበራውም፣ የሚለየውም፣ ዱላ የሚይዘውም አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ለብቸኛ ጠባቂ የሚሆን ባትሪ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው «ምን ያህል ሩቅ ይመታል?» የሚለው አይደለም። «ያየሁትን ነገር ለይቼ ላውቀው እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው።

1. መጀመሪያ ማሳዎን በእርምጃ ይለኩ

ቀን ላይ ከሚቀመጡበት ቦታ ተነስተው እስከ ማሳው ጫፍ፣ እስከ በረቱ፣ እስከ ውሃው ድረስ ይራመዱ። የእኔ ትልቁ ርቀት 110 እርምጃ ነው፤ 80 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በረቱ ደግሞ ከ30 እርምጃ አይበልጥም። ይህን ሳያውቁ ሱቅ ከገቡ ሻጩ «ይሄ አንድ ኪሎ ሜትር ይመታል» ይልዎታል፤ እርስዎም ለማያስፈልግዎት ርቀት ገንዘብ ያወጣሉ።

2. የካርቶኑን ቁጥር ማንበብ ይማሩ

ካርቶኑ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። ሉመን ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን በጠቅላላው ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ካንዴላ ደግሞ ያ ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ ይነግርዎታል። የውሃ ጎማ ያስቡ። የሚወጣው ውሃ ያው ነው፤ ጫፉን በጣትዎ ሲጫኑት ግን ሩቅ ይደርሳል። ብዙ ሉመን ያለው ባትሪ ግቢውን ሁሉ ሊያጥለቀልቀው ይችላል፤ ሰማንያ ሜትር ላይ ያለውን ቁጥቋጦ ግን ላያሳይዎት ይችላል።

ካንዴላውን ካወቁ ርቀቱን ራስዎ ያሰሉታል። የካንዴላውን ስኩዌር ሩት አውጥተው በ2 ያባዙት። 10,000 ካንዴላ ከሆነ ስኩዌር ሩቱ 100 ነው፤ ርቀቱ 200 ሜትር ይመጣል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሜትርም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ የተሰላ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያ 200 ሜትር ማለት ብርሃኑ እዚያ ሲደርስ የሙሉ ጨረቃን ያህል፣ 0.25 ሉክስ፣ ይቀራል ማለት ነው፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። በሙሉ ጨረቃ አንድ ነገር መኖሩን ያያሉ። ውሻ ይሁን ቀበሮ ግን አይለዩም። ብርሃን በርቀት ቶሎ ይሳሳል፤ ርቀቱ ወደ ሲሶ ሲያጥር ብርሃኑ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የእኔ ልማድ የካርቶኑን ሜትር ለሦስት ማካፈል ነው። 80 ሜትር ላይ መለየት ከፈለግሁ 250 ሜትር የሚል፣ ማለትም ወደ 15,000 ካንዴላ ያለው የእጅ ባትሪ እገዛለሁ። ከዚያ በላይ ለእኔ ማሳ ትርፍ ነው።

3. አንድ ሳይሆን ሁለት ይያዙ፦ የግንባርና የእጅ

የግንባር ባትሪ እጅዎን ነፃ ያደርጋል። በር ለመክፈት፣ ገመድ ለመቋጠር፣ ከማማ ለመውረድ እሱን የሚያህል የለም። ለሩቅ ግን አይመችም። ጣና ዳር ሌሊት ላይ ጉም ሲወርድ ብርሃኑ ከዓይንዎ አጠገብ ስለሚነሳ ተመልሶ ራስዎን ያጥበረብርዎታል፤ ከፊትዎ ነጭ ግድግዳ የቆመ ይመስላል። የሐይቁ ትንኝና ቢንቢም ብርሃን ይወዳል። ግንባርዎ ላይ ነጭ መብራት ካበሩ ነፍሳቱ ዓይንና አፍዎ ውስጥ ይገባሉ።

የእጅ ባትሪውን ወገብዎ አካባቢ ዝቅ አድርገው፣ ከሰውነትዎ ትንሽ ራቅ አድርገው ሲያበሩት ጉሙ ያን ያህል አያስቸግርም። ስለዚህ የግንባሩ ለቅርብ፣ የእጁ ለሩቅ ይሁን። ለግንባሩ 50 ሉመን ይበቃዎታል። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው የሚጠቀሙበት።

4. የግንባሩ ባትሪ ቀይ መብራት ይኑረው

ዓይናችን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። አንዴ ነጭ ብርሃን ሲያዩ ያ ሁሉ ይጠፋና እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። በጨለማ የሚያየው የዓይናችን ክፍል ለቀይ ብርሃን ብዙም ስሜት የለውም፤ ለዚህ ነው ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት እይታዎን የማያበላሸው። የውሻና የቀበሮ ዘር ደግሞ ሰማያዊና ቢጫ ይለያል እንጂ ቀይን በደንብ አያይም። ነፍሳትም ወደ ቀይ ብዙ አይጎርፉም።

ሲገዙ አንድ ነገር በደንብ ይመልከቱ። አንዳንዶቹ ቀይ ላይ ለመድረስ መጀመሪያ ነጩን ማብራት ግድ ይላቸዋል። ያ ከንቱ ነው። ቀዩ የራሱ ቁልፍ ያለው፣ ወይም መጀመሪያ ሲነኩት በቀይ የሚበራ ይምረጡ።

ነጩን ማብራት የግድ ሲሆንብዎት አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሲያጠፉት የተጨፈነው ዓይን ጨለማውን እንደለመደ ይቆይዎታል። እኔ ይህን ከለመድኩ ወዲህ ከማማ ስወርድ እግሬን አልስትም።

5. ዋናው የባትሪ ድንጋዩ ነው

አሁን ገበያ ላይ የሚበዛው 18650 የሚባለው፣ ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ነው። ስፋቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። 3.7 ቮልት ተብሎ ይጻፍበታል፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ሐቀኛው ድንጋይ የሚይዘው ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው። 9,800 የሚል ካዩ ዝም ብለው ይለፉት። በዚያ መጠን ያን ያህል የሚይዝ ድንጋይ የለም። ሚዛን ካገኙ ይመዝኑት፦ ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ቅልል ካለዎት ውስጡ ባዶ ነው። እኔ አንዱን «9,900» ብዬ ገዝቼ በደቂቃዎች ውስጥ ጨለማ ውስጥ ጥሎኛል፤ ወደ ቤት የመጣሁት በስልኬ መብራት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 3,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት 11 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ደህና ኤልኢዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል። ስለዚህ 1,000 ሉመን አብርተው ቢተዉት አንድ ሰዓት ነው የሚቆይልዎ። በ50 ሉመን ግን ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል። ጥበቃው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ትልቁን ብርሃን ለመለየትና ለማባረር ብቻ፣ ለአፍታ ያብሩት።

ድንጋዩ የሚወጣና የሚቀየር ይሁን። መብራት በሚጠፋበት አገር ውስጡ ተበይዶ የተሠራ ባትሪ አያዋጣም። አንድ ትርፍ ድንጋይ ይያዙ፤ ግን ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስዎ ውስጥ አይክተቱት። ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ ይግላል፣ እሳትም ያስነሳል። በላስቲክ ወይም በጨርቅ ይጠቅልሉት። ቻርጅ ሲያደርጉም ከጭድና ከፍራሽ ያርቁት።

6. ቁልፉን ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት

ሱቁ ውስጥ ሆነው ዓይንዎን ይጨፍኑና በአንድ እጅ ያብሩት፣ ያጥፉት። ብዙዎቹ ርካሽ ባትሪዎች በተነኩ ቁጥር ከትልቅ ወደ መካከለኛ፣ ወደ ትንሽ፣ ከዚያ ወደ ብልጭ ድርግም ይሄዳሉ። ጅብ በረት ላይ ቆሞ እርስዎ ከብልጭ ድርግሙ ጋር ሲታገሉ ያስቡት። ሁለት ደረጃ ያለው ይበቃል።

ውሃን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ አይፒኤክስ (IPX) የሚል ውሃ የመቋቋም ደረጃ አለ፤ አይፒኤክስ 4 የሚለው ርጭትን ይችላል። አይፒኤክስ 7 ደግሞ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። ጣና ዳር ከሆኑ ሁለተኛውን ይያዙ። ማንጠልጠያ ገመድ ይሰሩለት፤ ቢጫ ፕላስተርም ይጠምጥሙበት። ጥቁር ባትሪ ደንገል ውስጥ ከወደቀ እስኪነጋ አያገኙትም።

7. ገዝተው ሲመለሱ በማሳዎ ይፈትኑት

ይህ በጣም የምወደው ክፍል ነው። አመሻሽ ላይ አንድ ሰው በግና ውሻ ይዞ ማሳው ጫፍ ይቁምልዎ። እርስዎ ከማማው ሆነው ያብሩ። በጉን ከውሻው ለይተዋል? ካልለዩ እስኪለዩ ድረስ ያስጠጉት። የለዩበት ቦታ ላይ እንጨት ይትከሉ። የባትሪዎ እውነተኛ ርቀት ያ ነው። ከዚያ እንጨት ወዲያ የሚያዩት ማንኛውም ነገር ገና አልታወቀም ማለት ነው።

ዓይን ሲያበራ ምን ይነግርዎታል?

የከብት፣ የበግ፣ የፍየል፣ የውሻ፣ የድመት፣ የቀበሮና የጅብ ዓይን ጀርባው ላይ ብርሃን መላሽ ሽፋን ስላለው ያበራል። ቀለሙን አይመኑት፤ እንደሚያዩበት አቅጣጫ ይለዋወጣል። ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ ከዚያም አካሄዱን ይዩ። ሙሉ ሰውነቱን ካላዩ ግን ምንም አያድርጉ።

የሰው ዓይን እንዲህ አያበራም። ይህን አይርሱት። የአሳማ ዘርም እንደዚያው ነው፤ ከርከሮ በቆሎ ውስጥ ቆሞ ዓይኑ ላይታይዎት ይችላል። ብልጭታ አላየሁም ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም። ደንገሉ ውስጥ ታንኳውን አቁሞ መረቡን የሚጥል ዓሣ አስጋሪ ሊኖር ይችላል። ከብት ፍለጋ የወጣ ልጅም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ዳርቻ ላይ ቀበሮ ወይም ተኩላ የምንለው ግልገል በላተኛ ከቀይ ቀበሮ የተለየ ነው። ቀይ ቀበሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉ እንደ ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ጓሳና ባሌ ባሉ ቦታዎች የሚኖር፣ ለመጥፋት የተቃረበ የአገር ሀብት ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ እዚህ አያገኙትም። የእኛን ቀበሮም ቢሆን ጠንካራ በረት፣ ውሻና ድንገተኛ ነጭ ብርሃን ያባርረዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ አምፖል ግን ቶሎ ይለምደዋል።

ስለ ጠመንጃ

ጠመንጃ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ። እኔ አልመክርም። በሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው፤ የጦር መሣሪያ አያያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመራል። ፈቃድ ያለው ሰው እንኳን ባትሪውን አፈሙዙ ላይ አስሮ ፍለጋ መዞር የለበትም። ብርሃኑ ወደዞረበት ሁሉ አፈሙዙም ይዞራል፤ ጎረቤቱ ላይም ጭምር። ጥይት ደግሞ ውሃ ላይ ሲያርፍ ነጥሮ ይሄዳል። ከደንገሉ ማዶ ሰው አለ።

ጉማሬ ከሆነ

ጉማሬ ሌሊት ሣር ፍለጋ ከውሃው ይወጣል። የዓባይ መውጫ አካባቢ ያለ ሰው ያውቀዋል። እዚህ ላይ ባትሪ ለማባረር አይደለም፤ ለመሸሽ ነው። በፍጹም በእሱና በውሃው መሃል አይግቡ። ብርሃኑን ዓይኑ ላይ አይሰኩበት። ወደ መሬት ዝቅ አድርገው መንገዱን ለቀው ወደ ጎን ይሂዱ፤ በቆሎው ይቅር።

ከመውጣትዎ በፊት

ሰዓት እላፊ ባለበት ጊዜ ከግቢ አይውጡ። በሌላው ጊዜም ሌሊት የሚንቀሳቀስ መብራት ሰው ያስደነግጣል። ለአጎራባቾችዎ የት እንደሚሆኑ ቀድመው ይንገሩ፣ ምልክትም ይስማሙ። እኛ ሰፈር ባትሪውን ሁለት ጊዜ ወደ መሬት ያበራ ሰው «እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ» ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ካበራ ጎረቤቱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይመጣል። የጥጃው ባለቤትም በዚያች ሌሊት የመጣው በዚሁ ምልክት ነው፤ ገመዱን ይዞ እየጎተተ፣ ባትሪውን ሁለት ጊዜ ወደ መሬት አብርቶልኝ ተመለሰ።